በእማዬ እጅ የቀረው ሳማ

ኮልፌ፣ አጠና ተራ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህና ሁልጊዜ ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለናስር፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ያቺ አዲስ የተወለደችው የልጅ ልጅህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የስፌት መኪናውን ፔዳል ብዙ ስረግጥ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ታስታውስ እንደሆነ እንጃ፣ በዚህ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ደጅ ሰብስቦ ያቃጥላል። ከማለዳ ጀምሮ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሱቄንም ሳልከፍት ቀረሁና ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ለምን በስልክ አትነግሪኝም ትል ይሆናል። የስልኩን ነገር አንተም ታውቀዋለህ፤ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን ሳንጨርስ መስመሩ ይቆረጣል። ደግሞ አማርኛ ስትናገር ልጆችህ ከኋላህ ሲስቁ እሰማለሁ፤ አንተም ታፍርና ቶሎ ትዘጋዋለህ። የዛሬው ወሬዬ በችኮላ የሚሆን አይደለም። ሌሊሴ የምትባል ደንበኛዬ ሰኞ ለንግድ ጅቡቲ ትሄዳለች። ከዚያ ወደ እናንተ፣ ወደ ኤደን ለሚሻገር ሰው እሰጥልሻለሁ ብላኛለች።

እማዬ ካረፈች ወዲህ «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው» ስትለኝ፣ እኔም «እስቲ ይሁን» እያልኩህ ዓመት ከመንፈቅ አለፈን። እውነቱን ልንገርህ፤ ባለፈው ሰኔ የኢትዮጵያ ዜግነት እንዲሰጠኝ አመልክቻለሁ።

ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው። እኔ እዚሁ ኮልፌ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ መዝገብ ላይ ግን የመናዊት ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ መታወቂያ ላወጣ ብሄድ «አባትሽ የውጭ ሰው ነው» ብለው መለሱኝ። ከዚያ ወዲህ በመኖሪያ ፈቃድ ነው የምኖረው። ላሳድስ ስሄድ አብረውኝ የሚሰለፉት ፈረንጅና ቻይና ናቸው፤ በአማርኛ ተራ የማስከብረው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ፣ እማዬ አትወድም ነበር። «የቆየ ፋይል አታስነኪ» ትለኝ ነበር። እኔም ብሆን ያንን የየመን ፓስፖርት አጥብቄ የያዝኩት አንድ ቀን አንተ ጋ እመጣለሁ ብዬ ነው።

አምና ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ ቅጹ ላይ የቅርብ ዘመድ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሁልጊዜ «እናቴ፣ ወይዘሮ ብርቅዬ» ብዬ ነበር የምሞላው። የዚያን ቀን እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁና ባዶውን ሰጠሁ። ቅጹን የሚቀበለው ልጅ በትሕትና መለሰልኝ፤ ባዶ መተው አይቻልም አለኝ። ሌላ ሰው ስላልመጣልኝ የጎረቤቴን የጋሽ ያደሳን ስም ጻፍኩ። «ዝምድና» ከሚለው ፊት ለፊት ግን ምን ልበል? «ደጃችን ትይዩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ልቤ ቆረጠ።

ጋሽ ያደሳን አታውቃቸውም። ጡረታ የወጡ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ለቃለ መጠይቅ እንደምጠራ ሲሰሙ የድሮ መማሪያ መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ሲሆን ሱቄ በር ላይ ባለችው ትንሽ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ የዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል። ሕገ መንግሥቱ ስንት አንቀጽ አለው? መቶ ስድስት። የባንዲራው ቀለማት ምን ያመለክታሉ? የሕዝብ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው በይው። ስሳሳት እንደ ተማሪያቸው ይገሥጹኛል። አትክልት የምትሸጠው ፀሐዬ አንድ ቀን ሰምታ በሳቅ ሞተች። የዕድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ለቅሶ ሁሉ በእጄ የመዘገብኩ ሰው ዛሬ ፈተና ልቀመጥ ነው ብላ።

እሳቸው ሲሄዱ ለብቻዬ እለማመዳለሁ። እኔው ጠያቂ፣ እኔው መላሽ። ጮክ ብዬ ካልተናገርኩት አይጠናልኝም፤ ጮክ ስል ደግሞ ቤቱ ይሰፋብኛል። «ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» የሚለውን ጥያቄ ሁልጊዜ ዘልዬ አልፈዋለሁ።

ጋሽ ያደሳ አንድ ጥያቄ አይቀርልሽም ብለውኝ ነበር፦ «ወንድምሽ ሲሄድ አንቺ ለምን ቀረሽ?» እኔም ታምሜ ስለነበር እላለሁ አልኳቸው። አጭርና ጥሩ መልስ ነው አሉኝ። አጭርስ አጭር ነው።

ጥቅምት 12 ረቡዕ ተጠራሁ። ጥቁር ሰማያዊ ጉርዴንና ኮቴን ለብሼ፣ ነጠላዬን በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና መሐል የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሴት። ፋይሌ ፊቷ ተከፍቷል። ስለ ሕገ መንግሥቱ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ፣ በአማርኛ አንድ ሁለት መስመር አጽፈው አዩ። ከዚያ ልጅቷ ፋይሉን ገለጠችና፣

«እናትዎ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ወንድምዎ በ1967 ከአባትዎ ጋር ሄደዋል። እርስዎ ለምን ቀሩ?» አለችኝ።

«ታምሜ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ናስር፣ እምልልሃለሁ፣ አፌ ላይ ነበረ። ሁለት ወር አጥንቼዋለሁ። ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት ፊት ቆሜ ማን እንደሆንኩ ስጠየቅ በውሸት ልጀምር አልቻልኩም። እናም ነገርኳቸው። ለአንተ ያልነገርኩህን ለሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ነገርኩ።

እስከ ካቻምና ድረስ እኔም እንዳንተው ነበር የማውቀው። አባባ ሱቁ ሲወረስበት አገሩ ሊመለስ ቆረጠ፤ ሁለታችንን ይዞ ሊሄድ፣ እማዬን በኋላ ሊያስመጣት። የመንገዳችሁ ዕለት እኔን ኩፍኝ ያዘኝ። አባባ ወደ አንተ እንዳይጋባ ብሎ ከበሩ አላለፈም፤ ሳይስመኝ ሄደ። አንተ አሥር ዓመትህ፣ እኔ አምስት። ወደ አሰብ በሚወርድ የጭነት መኪና ሄዳችሁ፤ ከዚያ በኋላ አባባን አላየሁትም።

እማዬ ልታርፍ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ጠዋት ፊቷን ሳጥባት እጄን ያዘችኝና «ኩፍኝ አልነበረብሽም» አለችኝ። የምትቃዥ መሰለኝ። «ሳማ ነው» አለች። «ከጓሮ ቆርጬ ፊትሽንና ደረትሽን አሸሁሽ።» አባባ ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ሊያስመጣት እንደማይችል ልቧ ነግሯት ነበር። ልጆቿ ባሕር ከተሻገሩ እንደማታያቸው አውቃለች። እኔም ትዝ አለኝ፤ ሕመሙ ሳይሆን ማቃጠሉ። ስጮህ አፌን በመዳፏ ይዛ እያለቀሰች ነበር።

በ1979 የጻፍክልኝን ደብዳቤ ታስታውሳለህ? አማርኛን ያቋረጥከው አራተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሕፈትህ ዛሬም ድረስ የአራተኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ነው። በዚያች በልጅ እጅ «እማዬ እኔን ለምን ሰጠችኝ? አንቺን ለምን አልሰጠችም?» ብለህ ነበር። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ድጋሚ አንብቢልኝ አላለችም። «ፈጣሪ ያውቃል በይው» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ስለዚህ የዚያን ቀን ጠዋት እኔም ጠየቅኳት። «ናስርስ?» አልኳት።

«የእሱንም ቆርጬ ነበር» አለችኝ። «አንቺን ጨርሼ ወደ መኝታው ዞር ስል የለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ከሹፌሩ ጋር ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። የሱ ሳማ በእጄ ቀረ።»

መኪናው እስኪሄድ ሳማውን ጨብጣ ደጅ ቆማ ነበር። እጇ ለሦስት ቀን አብጦ ጎረቤት ነው ያጎረሳት። አልሰጠችህም፣ ናስር። ልትደብቅህ መጥታ አጣችህ።

ዓመት ከመንፈቅ የደበቅኩህ «ባልነሳ ኖሮ» ብለህ ራስህን እንዳትበላ ፈርቼ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ መኪና አይቶ መሮጡ ጥፋት አይደለም። እማዬም እንዲህ ብለሽ ንገሪው ብላኛለች፤ በርትቼ መንገር ያቃተኝ እኔ ነኝ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ተናግሬ ስጨርስ የሚጽፈው ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር። ልጅቷ ፋይሉን ወደ ራሷ ስባ፣

«ወንድምዎ ይህን ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አያውቅም» አልኳት።

«እንግዲያው እሳቸው ሳያውቁ እዚህ መዝገብ ላይ መስፈሩ ደግ አይመስለኝም። ‹ከእናታቸው ጋር ቀሩ› ብዬ ልጻፈው?»

እንዲያ ጻፈችው። እውነት ነው፤ አንዳች የጎደለው ነገር የለም። እኔ ግን ይኸው አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። የማላውቃት ልጅ ስለ እናትህ አንተ የማታውቀውን ታውቃለች፤ ይህ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። የጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

ትናንት ጠዋት ተደወለልኝ፤ ተፈቅዶልኛል። የአባባን ዜግነት መተዌን የሚገልጸውን ወረቀት ከሰዓት ሄጄ ፈረምኩ። ስፈርም ሳላስበው ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ ጸሐፊዋ የት እንደምፈርም የጠየቅኳት መስሏት «አዎ፣ እዚህ ጋ» አለችኝ። ጋሽ ያደሳ ድጋሚ ብትጠሪስ እያሉ ሰሞኑንም መምጣት አልተዉም ነበር፤ ስነግራቸው መጽሐፋቸውን ዘግተው እጄን ጨበጡኝና ቶሎ ወደ ቤታቸው ገቡ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እንደማይመጡ አውቃለሁ፤ የሚጠይቁኝ ነገር አልቋል። ዱካዋን ግን ከበሩ አላነሳኋትም።

አንተ ጋ ብመጣ እንኳ ከእንግዲህ እንደማንኛውም እንግዳ ፈቃድ ጠይቄ ነው። እንዳትቀየመኝ። ብትቀየመኝም ዝም እንዳትለኝ፤ ተቆጥተህም ቢሆን ጻፍልኝ። ልጆችህ የአያታቸውን ነገር በራሳቸው ቋንቋ ከአንተ አፍ ይስሙት። ሳማ በዐረብኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የሚያቃጥል ቅጠል ነው በላቸው።

መሐላው የፊታችን ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከፈለግሽ ሁለት ሰው ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ ብለውኛል። አንዱ ጋሽ ያደሳ ናቸው፤ ኮታቸውን ለመተኮስ ሰጥተዋል። ፀሐዬም ልምጣ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ቦታው ተይዟል አልኳት፤ ባትደርስበትም ያንተ ነው።

ፈጣሪ ከጦርነትም ከበሽታም ይሰውራችሁ። የልጅ ልጅህን በእኔ ስም ግንባሯን ሳምልኝ። አንተንም እማዬ ባላገኘችህ ቦታ ሁሉ እሱ ያግኝህ።

እህትህ
ዘሃራ ሳልህ