ወንበሩን ተሸክሞ የሚሄድ እንግዳ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ደረጃ ስትወጪ ያምሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? እንቅልፍሽስ? ባለቤትሽ ጋሼስ ፀጉር ቤቱ ቆሞ ውሎ ሲገባ አሁንም ወገቤን ወገቤን ይላል? ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ባለፈው በስልክ ይህን ሁሉ እንደነገርሽኝ አልረሳሁም፤ ግን ጤና ሳይጠይቁ ወሬ መጀመር ሳያንኳኩ ቤት መግባት ይሆንብኛል።

ጋሼ «ለመሆኑ ይቺ ልጅ የምትሠራው ምንድን ነው?» እያለ ያደርቅሻል አሉ። እንግዲህ ልንገርሽ። ስልክ ከውስጥ ሆኖ የሚያዘው አንድ ትልቅ ፕሮግራም አለው፤ ስርዓተ ክወና ይባላል። እሱን እንደ ቤት ቁጠሪው። መተግበሪያ የሚባሉት፣ መልእክት መላኪያው፣ ሰዓቱ፣ ሒሳብ ማስያው፣ የቤቱ እንግዶች ናቸው። ለቤቱ ደግሞ መስፈርት ተጽፎለታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይህን ይህን ታደርግለታለህ የሚል። ቤቱ ቃሉን መጠበቁን የምናውቀው እኛው ራሳችን ትንንሽ የናሙና መተግበሪያዎች ሠርተን በእንግዳ ስም እየላክን ነው። ባጭሩ ደመወዝ እየተከፈለኝ አስቸግራለሁ። ጋሼ ይህን ሲሰማ ተሰጥኦዋን አገኘች ማለቱ አይቀርም።

ያ የላክሁልሽ ስልክ የሚሠራው በእኛው ስርዓት ነው። ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ በድምፅ እንዲያነብልሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ደወልሽና «ይሄ ስልክሽ በነካሁት ቁጥር ቁልፍ፣ ቁልፍ ይለኛል፤ የምን ቁልፍ እንደሆነ ግን አይነግረኝም። እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት ወሬውን ጀምሮ ይተወዋል» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ከተሰነባበትን በኋላ ግን ሆድ ባሰኝ።

በማግስቱ ናሙናዎቻችንን አውጥቼ አንድ በአንድ ሞከርኋቸው። ሁሉም ያልፋሉ። ድምፁ «ላክ»፣ «ሰርዝ»፣ «ተመለስ» እያለ ጥርት አድርጎ ያነባል። ታዲያ እታለም ጋ ሲደርስ ምን ነካው? እያልሁ ሳወጣ ሳወርድ ነገሩ ተገለጠልኝ። እኛ ናሙና ስንሠራ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ስም እንሰጠዋለን፤ አንዱ በዓይን የሚታይ ነው፣ ሌላው ለድምፁ ብቻ ተደብቆ የሚቀመጥ። መስፈርቱ ደግሞ የድምፅ ስም ያልተሰጠው ቁልፍ ከመጣ ስርዓቱ ራሱ የሚታየውን ስም ያንብብ ይላል። ውጭ ያለው መተግበሪያ ሠሪ ሁለተኛውን ስም የት አስታውሶት! እኛ ግን ጨዋዎች ስለሆንን አንድም ቀን ረስተን አናውቅም። እንግዶቻችን ሁሉ ወንበራቸውን ተሸክመው ይሄዱ ነበርና፣ ቤቱ ወንበር እንደሌለው ማን ይወቅ?

ስለዚህ አንድ ባለጌ እንግዳ ሠራሁ። ሦስት ቁልፍ ብቻ ያለው፣ የድምፅ ስም የሚባል ያልፈጠረበት። ገባ። ድምፁ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ አለኝ፤ ልክ አንቺ እንዳልሽው።

ክፋቱ፣ አዲሱ ስርዓት መስፈርቱን ያሟላል ተብሎ በዚያው ሳምንት ለስልክ ሠሪዎቹ ሊሰጥ ነበር፤ ከተሰጠ ደግሞ ለዓመት የሚነካው የለም። እኔም ገና በሙከራ ላይ ያለሁ ሠራተኛ ነበርሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ያለ አንቀጽ ቁጥር ስለማይናገር አቶ አንቀጽ የምንለው ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ በሙከራ ላይ ሆነሽ ነገር አትጫሪ። ሁለተኛውን ስም ጨምሪበትና ይለፍ» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጽፈው እጄን ዘርግቼ ነበር። ብጽፈው ሁላችንም በሰላም ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ አንቺ ብቻ ሰው እስኪያነብልሽ ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ።

አልጻፍሁም። ስልኩን ይዤ አለቃችን ዘንድ ገባሁ። ኮስታራ ሴት ናት። የምለውን ሰማችና ስልኩን ተቀብላኝ ዓይኗን ጨፈነች። መልእክት ልትልክ ነካች፤ ቁልፍ አላት። ሌላውን ነካች፤ ቁልፍ። በግምት አንዱን ስትጫነው ልትልከው የነበረውን መልእክት ሰረዘችው። ዓይኗን ገለጠችና «ናሙናው እንዳይነካ፤ የሚታረመው ስርዓቱ ነው» አለች። ርክክቡ ዘገየ። ከበላይ የወረደባትን ቁጣ ሁሉ አንዲት ጠብታ እኔ ላይ ሳታደርስ ብቻዋን ተሸከመችው። በስብሰባ ላይ አንቀጹን እየጠቀሰ የተከራከረልኝም ያው አቶ አንቀጽ ነው፤ ሰው ወዶ አይፈራም። እኔም ቋሚ ሆንሁ። እታለም፣ በሰው አገር ሰው አገኘሁ፤ ፈጣሪ ውለታቸውን ይክፈላቸው።

የታረመው ስርዓት ስልክሽ ላይ መጫኑን ልጅሽ ነግራኛለች። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ስልኩ እንጂ ጋሼ አይደለም ማለት ነው። ጋሼ ክፋት የለውም፤ ግን ሲያነብ ከራሱ ይጨምራል። ያን «ባልሽን አትጨቅጭቂው» የሚለውን እኔ ጽፌው አላውቅም።

አሁን በመካከላችን ማንም የለምና፣ በሰው አፍ መላኩን እያፈርሁ የቆየሁትን ልበልሽ። እናታችን ስታልፍ አንቺም ልጅ ነበርሽ። ትምህርትሽን ትተሽ የሰው ልብስ እየሰፋሽ እኔን አስተማርሽኝ። ዓይንሽን ያደከመው ያ ስፌት ይሁን ሌላ ሐኪሙም አልነገረን፤ እኔ ግን ባሰብሁት ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። እህት ብቻ አይደለሽም፣ እናትም ሆነሽኛል። አመሰግንሻለሁ። ደግመሽ መስማት ከፈለግሽ ወደ ኋላ መልሺው፤ እሱ እንደ ጋሼ አይሰለቸውም።

ጋሼን ወገብህን ጠብቅ ብላሃለች በይልኝ። ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ስርዓቱን ስለጫነችልሽ የቀሚስ ዕዳ አለብኝ። አክስታችንን እጇን ሳሚልኝ። ፎቅ ላይ ያለችውን ተከራይሽንም እንደምን ሰነበትሽ በይልኝ።

መልሱን ግን በማንም አታስጽፊ። አንቺ ተናገሪው፣ ስልኩ ይጽፍልሻል። ስትጨርሺ ከታች በስተቀኝ ያለውን ነካ አድርጊና ስሚው። «ላክ» ይልሻል።

ታናሽ እህትሽ
ከቢሮዬ፣ መስኮት አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን