ከነዕቃህ ውጣ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኢቢሴ ገቢሳ
አማን፣ ጆርዳን

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ወገብሽን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ?

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሜቲ ናት። ፈቃዷን ጨርሳ እዚያ አማን ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትል ቤት ድረስ መጥታ “ለኢቢሴ ምን ላድርስላት?” አለችኝ። በርበሬውንም ጩኮውንም ትቼ ወረቀት ፈለግሁ። እረፍት በሆንሽበት ቀን እንድትሰጥሽ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺም ከአጠገብሽ እንዳትነሳ ለምኛታለሁ። አሁን እሷ አጠገብሽ ከሌለች እዚህ ላይ አቁሚና ጥሪያት። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ፣ ከኋላሽ ደግሞ የአሠሪዎችሽ ልጆች ሲንጫጩ፣ አቃተኝና ስለ ዝናቡ መዘግየት አውርቼ ዘጋሁት።

እኛ በሕይወት አለን። የኪራሙ ዘመዶቼ አሁንም መጠለያ ውስጥ ናቸው፣ ወደ መሬታቸው የሚመለሱበት ቀን አልታወቀም። አባትሽ ያስተምራል፣ እህልም ይቀምሳል። ከእስር ከወጣ ወዲህ ጠባዩን ታውቂዋለሽ፤ ጥያቄ ሲበዛበት ብድግ ብሎ ይወጣና አጥሩን ይጠጋግናል። አጥራችን እንደ ዘንድሮ ጠንክሮ አያውቅም። ስላሳለፈው ነገር አውርቶልኝ አያውቅም ነበር። አብሮት ስለታሰረው ስለ ሮቤራ ስጠይቀውም “ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት” ይላል፣ በቃ። አንቺም በደወልሽ ቁጥር ስለ እጮኛሽ ስትጠይቂኝ ያንኑ ነበር የማቀብልሽ።

ያለፈው ሳምንት እሑድ ከቸርች እንደተመለሰ አላዛር መጣ። አላዛር አምና ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ አባትሽን ይወደዋል። ፊልም በፍላሽ ይዞ ነበር። “ኦቦ ገቢሳ፣ ይኼን እስከ ዛሬ አለማየትዎ ይገርመኛል። ዓለም ያጨበጨበለት ፊልም ነው። ያልወሰደው ሽልማት የለም። አሁን ደግሞ በአማርኛ ተተርጉሟል” አለው። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅንም። እኔም ደስ ብሎኝ ሰው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሊያይ ነው ብዬ ወንበር አቀረብኩ።

ገና ሲጀምር የሽቦ አጥርና ትልቅ የብረት በር መጣ። ሪሞቱን አነሳሁና “አላዛርዬ፣ ሌላ የለህም? የሚያስቅ ነገር?” አልኩት። ልጁም ያን ጊዜ ነገሩ ገብቶት ፊቱ ተለዋወጠ። አባትሽ ግን ሪሞቱን ከእጄ ወሰደና “ተዪው ማስቴ። ልየው” አለ።

የበረዶ አገር ነው። አንድ አናጢ አለ፣ እስር ቤት ውስጥ ያረጀ። አንድ ወጣት ያመጡና ከሱ ጋር ይዘጉበታል። መጀመሪያ ይጣላሉ፣ ኋላ እንደ አባትና ልጅ ይሆናሉ። ከዳቦ ልብ የዳማ ጠጠር ጠፍጥፈው ይጫወታሉ። እውነት ለመናገር እኔ ወድጄው ነበር። የሚያስቅም ቦታ ነበረው፣ ስቄአለሁም።

አላዛር “እውነት እንዲህ ነው ኦቦ ገቢሳ?” አለው።

“ዳቦውን ለዳማ አናውለውም ነበር” አለ አባትሽ። ደግሞም፣ “አልጋ አላቸው። እኛ ተራ በተራ ነበር የምንተኛው” አለ።

ቤት ከገባ ጀምሮ ስለዚያ ቦታ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። መተንፈስ ፈራሁ፣ እንዳያቆም።

ከዚያ ጠባቂው የክፍሉን በር ከፍቶ የወጣቱን ስም ጠራ። ተርጓሚው “ከነዕቃህ ውጣ” አለ። አላዛር እጁን አጨብጭቦ “ተፈታ” አለ።

“አልተፈታም” አለ አባትሽ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚያርም። “ከነዕቃህ ማለት መፈታት አይደለም።”

በፊልሙ ግን ልጁ ጥቅልሉን ይዞ በረጅሙ ኮሪደር ሄደ፣ አንድ በር ተከፈተለት፣ ሌላም ተከፈተለት፣ በረዶው ላይ ወጣ። መንገድ ዳር እናቱ ቆማ ነበር። አባትሽ ከወንበሩ ወደ ፊት ተስቦ ቴሌቪዥኑን ሊነካው ደረሰ። “ይኼኛው ተፈታ” አለ። ከዚያ አለቀሰ። እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰ ሰው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። አላዛር ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ወጣ።

እዚያው ወንበር ላይ እንዳለ ነገረኝ። እኔም እንደነገረኝ እጽፍልሻለሁ፣ ሜቲ እጅሽን ትያዝሽ።

ሮቤራ የተያዘው ለአባትሽ ምግብ ሊያደርስ ሄዶ ጣቢያው በር ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። በኋላ ሁለቱንም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አሮጌ መጋዘን ወስደዋቸው አብረው ነበሩ። አባትሽ አብሮት በመሆኑ ደስ ብሎት ነበር፣ በዚያ ደስታው እስከ ዛሬ ያፍራል። ክረምቱ ሲገባ ሮቤራን ሳል ጀመረው፣ እግሩ አበጠ። ሐኪም ይየው ብለው ለመኑ፣ የሰማቸው የለም። እንዲያ እያለ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ በሩ ተከፈተና “ሮቤራ፣ ከነዕቃህ” ተባለ። ክፍሉ ሁሉ ተደሰተ። አቀፉት፣ መልእክት ሰጡት። ጎንበስ ማለት አልቻለምና ጫማውን ያሰረለት አባትሽ ነው። የራሱን ጃኬትም አውልቆ አለበሰው። ሮቤራ “አባ፣ ይበርድዎታል” ቢለው፣ “እኔ እዚህ ነኝ፣ አንተ መንገደኛ ነህ” አለው።

ከቀናት በኋላ ጃኬቱ ተመለሰ። ጠባቂው በበሩ ወርውሮ “የማን ነው?” አለ። አባትሽ አንስቶ “የለበሰውስ?” ብሎ ጠየቀ። “ሂን ጅሩ” አለው። የለም ማለቱ ነው። አባትሽ በነጋታውም ጠየቀው። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አየና፣ “የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አትጠይቀኝ” አለው።

ያንን ጃኬት ለብሶ ነው ቤት የገባው፣ ኢቢሴ። እኔ ምኑንም ሳላውቅ በሳሙና አሽቼ አጥቤ አሰጣሁት።

“ለምን ደበቅኸኝ?” አልኩት። “ለእኔ ምግብ ሊያመጣ ነው የመጣው። ለልጄ በየትኛው አፌ ልንገራት?” አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ዲጋ ሄድን፣ ለእናቱ ለአዴ ድርቤ ልንነግር። ሌላ ሰው አይንገራት ያለው እሱ ነው። ጃኬቱን በፌስታል ይዞ ነበር። ጓሮ ጎመን ስትኮተኩት አገኘናት። “አካም ጅርቱ፣ ግቡ እንጂ” እያለች እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አባትሽ ሳይቀመጥ ነገራት። በኦሮምኛ ነው የተነጋገሩት፣ እኔ እንደሚሆንልኝ በአማርኛ ላድርገው።

“ሬሳውን አይተሃል?” አለችው።

“አላየሁም።”

“ታዲያ?”

ጃኬቱን አውጥቶ ሰጣት። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ “ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው” አለች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ጫማውን እንዴት እንዳሰረለት ሲነግራት “እንደገና ንገረኝ” አለችው። ደገመላት። አሁንም “እንደገና” አለችው። የዚያን ጊዜ ነው መሬት ላይ የተቀመጠችው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ የቸርቿ ሽማግሌዎችም መጥተው ጸለዩ። የሚቀበር ነገር ስለሌለ ሰው መቼ እንደሚነሳ አያውቅም ነበር፣ እስኪመሽ ተቀመጠ።

ልንሄድ ስንል አዴ ድርቤ ክንዴን ይዛ ለብቻዬ ወሰደችኝ። አባትሽ የተያዘ ሰሞን ለሮቤራ መደወልሽን አንቺ ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም። እሷ ግን ታውቅ ኖሯል። ስልኩ ሲጮህ አጠገቡ ሆና በቆሎ ትፈለፍል ነበር፤ እያለቀስሽ “አባዬን እይልኝ፣ የሚበላ ነገር አድርስለት” ስትዪው ሰምታለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰምታ ዝም ብላለች። እንዲህ አለችኝ፦

“ለኢቢሴ ንገሪያት። ስልኳ ሲገባ ልጄ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ባትደውልለትም ሊሄድ ነበር።”

እውነት ይሁን፣ ለአንቺ ስትል ትበለው፣ አላውቅም። እኔ አልጠየቅኋትም። አንቺም ስትደውዪላት አትጠይቂያት።

ያሳደገሽ አምላክ በዚያ በሰው ቤት ልብሽን ይደግፍልኝ። እንባሽን የሚጠርግ ሰው አያሳጣሽ። በደህና መልሶ ደጄን ያስረግጥሽ።

እናትሽ ማስተዋል