የጥይቱ ሙዳይ

ረሆቮት፣ ጃንዋሪ 2016

ውድ አባቴ፣

ሱዳን አሸዋ ውስጥ ቀብረንዎ ወደ እስራኤል ከመጣን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ። ልጅዎ መጻፍ መቻሏን እንኳ አያውቁም። ፊደል የለየሁት ደንበኞችዎ ዕቃ ጠቅልለው ከሚያመጡት ቁራጭ ጋዜጣ ነው፤ እርስዎ እሳት ሊያያይዙበት ሲፈልጉት እኔ ጉያዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። ይህ ትንሹ ጥፋቴ ነው። ዛሬ የተቀመጥኩት ትልቁን ልነግርዎ ነው። አይዘኑ ግን፤ መጨረሻው ደኅና ነው።

ወገራ ሳለን ማረሻም ማጭድም ይቀጠቅጡ ነበር። ሰው አጥብቆ የሚፈልግዎ ግን ጠመንጃ ሲበላሽበት ነው። ደንብዎ አንድ ነበር። ባላባትም ቢሆን፣ ጥይቱን እደጅ በገዛ እጁ አራግፎ ሙዳዩ ውስጥ ሳይጥል ወደ ወናፉ አይጠጋም። ሙዳዩን ይዤ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

አቶ ይርዳው የመጡበትን ቀን አይረሱትም። የእሳቸው ምንሽር አምስት ጥይት እንደምትጎርስ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሆንም፣ አውቅ ነበር። ሙዳዩ ውስጥ የወደቁት አራት ናቸው። ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ምን ታፈጫለሽ? አለቀ እኮ!" አሉኝና ገቡ።

ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኔ ትንሽ ሴት ልጅ። ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ጠመንጃው እጅዎ ላይ ጮኸ። ጥይቷ የወንድሜን የደሴን ጆሮ ጭራ ግድግዳውን በሳች። ደሴ ተረፈ፤ በዚያ ጆሮው ግን ዳግመኛ አልሰማም። እርስዎም "ሳላጣራ የነካሁ እኔ ነኝ" እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ራስዎን ወቀሱ። አባቴ፣ እኔ አይቼ ነበር።

አሁን ወደዚህ አገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት ከመስከረም በዓላት በኋላ በየከተማው ሰው በስለት መወጋት ጀመረ። አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም የጎረቤቱን እጅ ያያል። መንግሥት የመሣሪያ ፈቃድ አቀለለ፤ ጥበቃ የሚሠሩ ሰዎችም ሽጉጣቸውን ይዘው ወደ ቤት መሄድ ተፈቀደላቸው። የልጄ የባትኤል ባል ሐጋይ እንዲህ ያለ ሥራ ነው ያለው፤ በየማለዳው ከረሆቮት ጣቢያ በባቡር ወደ ቴል አቪቭ ይሄዳል። ሽጉጡን ከሸሚዙ በላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ መታጠቅ ጀመረ።

ይህ መልካም ነው፣ አይደለም የሚል ክርክር በየቤቱ ገባ። በመጨረሻ እዚህ ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ያለን ኢትዮጵያውያን በአዳራሹ ተሰበሰብን። ሽማግሌው ጋሼ ገበየሁ ቀድመው ተነሡ።

"በአገራችን መሣሪያ ያነገበ ሰው ሲያልፍ ተነሥተን ነበር የምንቆም። እዚህ መጥተን ሜዳ ላይ ባዶ እጃችንን እንታረድ? ፈቃድ ያለው ሁሉ ይታጠቅ፣ ይታይ! እኔም ነገ አመለክታለሁ።"

"ጋሼ፣" አለች ማናለሽ ከኋላ፣ "መነጽርዎ ያለበትን የሚያውቁት ባለቤትዎ ናቸው። ሽጉጡንም እሳቸው ሊፈልጉልዎ ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጋሼ ገበየሁ ራሳቸው ሳቁ። ለእረፍት የመጣው ወታደር ሮን ግን አልሳቀም። "አንድ ሰው ሲጮህ አሥር ሰው ሽጉጥ ቢመዝ፣ ማን ማንን እንደሚመታ በምን ይታወቃል?" አለ።

ያኔ ሐጋይ ቆመ። "እኔ ጥቁር ነኝ" አለ። "ሸሚዜ ሥር ደብቄው አንዱ እብጠቱን ቢያይ፣ ማነህ ሳይለኝ ነው የሚተኩስብኝ። በግልጽ ሲታይ ጥበቃ መሆኔን ያውቃል። ለእናንተ ክርክር ነው፤ ለእኔ በሰላም ቤቴ መግባት ነው።"

አጨበጨቡለት። እውነቱን ነው ብዬ እኔም አጨበጨብኩ። የአምስት ዓመቷ ልጁ ማያ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣለች። አያቷን እንደዚህ አገር ልጆች "ሳፍታ" ነው የምትለኝ፤ እናቷን ደግሞ ኢማ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ሳፍታ፣ አባ ሲቆጣ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ኢማ ዝም ትላለች።"

እጄ ማጨብጨቡን ተወ። ባትኤልን ዞር ብዬ አየኋት። አንገቷን ደፍታ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፏ የማያርፍ ነበረች።

ስብሰባው አለቀ። ቤቴ ገብቼ ሙዳዬን ከቁም ሣጥን አወጣሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እንደ ልማዳቸው መጡ። ባትኤልና ማያ አለፉ። ሐጋይ ሲደርስ በሩን በሰውነቴ ዘጋሁት።

"ሐጋይ ልጄ፣ በአባቴ ቤት መሣሪያ የያዘ ሰው ጥይቱን እዚህ ሳይጥል አይገባም ነበር።"

ሳቀ። "እማማ፣ ተቆልፏል እኮ። ምንም አይሆንም።"

"ቢቆለፍም።"

አማቱ ነኝ፣ ምን ያድርግ። "ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ" እያለ የጥይት ካዝናውን ከሽጉጡ ነቅሎ ሙዳዩ ውስጥ ጣለና ሊገባ ተራመደ። እኔ ከበሩ አልተነሣሁም።

"ሽጉጡ የጎረሳትንም ጥይት።"

ሳቁ ጠፋ። "ማን ነገረዎ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

እንደ ተማረው ቢሆን ጥይት አጉርሶ መሄድ አልነበረበትም። ከፍርሃቱ የተነሣ ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖት ኖሯል። የሽጉጡን የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሲስበው አንዲት ጥይት ተፈናጥራ ሙዳዩ ውስጥ ወደቀች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት።

ያኔ ማያ ያለችኝን ነገርኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"እማማ፣ አንድ ቀን እጄን አንሥቼባት አላውቅም። ወደፊትም አላነሣም።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "አቶ ይርዳውም ደሴን ሊገድሉ አልመጡም።"

የትኛው ይርዳው፣ የትኛው ደሴ አለኝ። ለአርባ ዓመት ለሰው ያልተናገርኩትን ለአማቼ ደረጃ ላይ ነገርኩት። ሲሰማ ቆይቶ ሙዳዩን ከእጄ ተቀበለኝና ራሱ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀለው።

እሑድ አለቃውን ሽጉጡ እንደ ድሮው ሥራ ቦታ፣ በብረት ሣጥን ተቆልፎ እንዲያድር ጠየቀ። አለቃው ሰው ሁሉ ይዞ ሊሄድ ሲለምን አንተ ትመልሳለህ ብሎ አጉረመረመበት፤ ግን ፈቀደ። ሐጋይ አሁንም በባቡሩ ፈርቶ ይሄዳል፤ ፍርሃቱ ውሸት አይደለም። ሰው በመንገድ ላይ ይታጠቅ፣ አይታጠቅ የሚለውን እኔ አልፈርድም፤ ጋሼ ገበየሁና ማናለሽም ገና ይከራከራሉ።

ትናንት ግን ወጥ ልሰጣቸው ድስት ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ የባትኤል ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል።

"ስንት ጊዜ ነው እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ አትጣል የምልህ! እኔ ገረድህ ነኝ?"

"እሺ፣ እሺ፣ ያላ፣ አነሣሁት!"

"አነሣሁት ብቻ? አስጣው እንጂ!"

አባቴ፣ አላንኳኳሁም። ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ልጄ ስትጮህ እስክትጨርስ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ቀላል ትንፋሽ ከተነፈስኩ ስንት ዘመኔ ነው!

የወገራው ጥፋት የእርስዎ አልነበረም። አምስተኛዋን ያየሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህችኛዋን አይቼ ግን ዝም አላልኩም።

ሙዳይ ይዛ በርዎ ላይ ትቆም የነበረችው ልጅዎ፣
ይታይሽ