የጋሼ በቀለ መምህር

መቱ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዛሬ ጎሬ ሄጄ ለአባቴ ጓደኛ፣ ለጋሼ በቀለ፣ ከህንድ ያመጣሁትን ሰላምታ አደረስኩ። ምነው ባልሄድኩ!

ለትምህርት ካለሁበት ከዴልሂ ወደ ናግፑር ብቻዬን በባቡር ስጓዝ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ህንዳዊ ሽማግሌ የመቱ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ በአማርኛ፣ «እኔ ጎሬ ሒሳብ አስተምር ነበር» አሉኝ። ከዚያ የጠየቁኝ ስለ ተማሪያቸው ስለ በቀለ ነበር። ጋሼ በቀለ የአባቴ ጓደኛ መሆናቸውንና በሕይወት እንዳሉ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ጋሼ በቀለ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። «አባቴ ሲሞት ቤታቸው ወስደው ያሳደጉኝ እኮ እሳቸው ናቸው! በል አሁኑኑ ደውልልኝ።»

የሽማግሌውን ስልክ ቁጥር ግን አልተቀበልኩም ነበር። ናግፑር ስንደርስ ሻንጣዬን ይዤ ለመውረድ ስጣደፍ፣ የሚሄዱበትን ከተማ እንኳ ሳልጠይቅ ተለያየን።

ጋሼ አልተቆጡኝም። «ማን አብሯቸው ነበር?» አሉ።

«ማንም። ብቻቸውን ነበሩ።»

ሚኒባሱ ድረስ ሸኙኝ። ልሳፈር ስል እጄን ያዝ አድርገው፣ «ስትመለስ በዚያው ባቡር ሂድልኝ፤ አደራ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። እዚያ ባቡር ላይ ስንት ሕዝብ እንደሚሳፈር ለመናገር አንደበቴ እምቢ አለኝ።