ያልላክኸው የጥይት ሣጥን

ኒውፋውንድላንድ፣ መስከረም 20

ለምናፍቅህ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ሳልህ ተሻለህ? ባለፈው በስልክ ስትስል ሰምቼ ልቤ አልተረጋጋም። አንገትህን ሸፍነህ ውጣ ብልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ እናት ናት፣ መናገር አያቅታትም ብለህ ቻለኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው፤ ማጉረምረም የጤና ምልክት ከሆነ እንደሱ ጤነኛ የለም። ጉሙ ሰሞኑን ከባሕሩ ላይ አልነሳ ብሎ ልብስ አልደርቅ አለኝ። ኮረብታው ላይ ያለው ቀይ ፍሬ ግን ዘንድሮ ተትረፍርፏል። ስድስት ብልቃጥ ማርማላታ ሠርቼ ሁለቱን ላንተ ለይቻለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ የማልነግርህ ለምን እንደሆነ ሳትገምት አትቀርም። ስደውልልህ አባትህ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚያነብ ይመስላል፤ ገጹን ግን አይገልጥም። ስለዚህ መጻፍ መረጥኩ። የምናዘዝልህ ሁለት ነገር አለኝ። ቀላሉን ላስቀድም።

ልጄ፣ በነሐሴ ለአባትህ አንድ ሣጥን የአደን ጥይት ልከህለታል። አልላክሁም እንዳትል፣ ልከሃል። ከድሩሲላ ሱቅ የገዛሁት እኔ ነኝ። በቡናማ ወረቀት ጠቅልዬ፣ «ከሴንት ጆንስ መጣ፣ ከልጅህ ነው» ብዬ ፊቱ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ውሸት ጀመርኩ። ምን ላድርግ? እናንተን በአንድ ማዕድ ለማየት ሰባት ዓመት ሙሉ ያልጸለይኩት ጸሎት የለም። አባትህ ደግሞ በፋሲካ ሰሞን፣ ከዘንድሮ ወዲያ ለአደን ኮረብታ የምወጣ አይመስለኝም ሲል ሰማሁት። አደኑ በጥቅምት ይከፈታል። ይህ የአደን ወቅት ሳትታረቁ ካለፈ መቼም አትታረቁም የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ያስዋሸኝ እሱ ነው።

ሣጥኑን አየው፣ አልነካውም። ሦስት ቀን ከጎኑ እየተቀመጠ ሾርባውን ጠጣ። በአራተኛው ቀን መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን ካነበበ በኋላ፣ ለየትኛው ጠመንጃ ብሎ ነው የላከው አለኝ። «ከአባትህ ለወረስከው ጠመንጃ» አልኩት። ተነሥቶ እንጨት ሊደረድር ወጣ።

ስለዚያ ጠመንጃ ላንተ መንገር ባያስፈልግም ነገሩን በእኔ ዓይን አይተኸው አታውቅም። አያትህ ከጦርነቱ በኋላ ከሠራዊቱ ትርፍ ዕቃ የገዙት ነው። በርሜሉን እስከ አፈሙዙ ድረስ በሚያለብሰው እንጨት ላይ፣ ሥጋ ይዘው ቤት በገቡበት ዓመት ሁሉ በሰንጢ አንድ አንድ ጭረት አድርገውበት ነበር። አባትህ እንዴት መቁጠር እንደተማረ ብትጠይቀው ከመጽሐፍ በፊት እነዚያን ጭረቶች ነው የሚነግርህ። አንተ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ፣ ለልደቱ ስጦታ ብለህ፣ የፊቱን እንጨት በመጋዝ ቆረጥከው። ያኔ በወደባችን የጦር ጠመንጃውን ያላስቆረጠ አዳኝ አልነበረም። እንዲቀልለው ብለህ ነው። ለክፋት እንዳልሆነ እኔ እመሰክራለሁ። ከዚያ የተቆረጠው እንጨት ከነጭረቱ ምድጃ ውስጥ ገባ። እንዴት እንደገባ ኋላ እመጣበታለሁ። አባትህም «አባቴን ነው ያቃጠልክብኝ፣ ከቤቴ ውጣ» አለህ፤ አንተም ወጣህ። ጠመንጃውም በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ገባ። እሱ ከዚያ ወዲህ የሚያድነው የአደን ጓደኛው አምብሮስ በሚያውሰው ጠመንጃ ነው።

እንግዲህ ያለፈው ቅዳሜ ጉሙ ሲገለጥ፣ ኮትሽን ልበሺ አለኝ። የት ልንሄድ ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ጨርቁን በብብቱ ይዞት ነበር። በመኪናችን ወደ ጠጠር ማውጫው ሄድን። አምብሮስ ተኩስ ሊኖር ነው ሲባል ከየት እንደሚሸተው አላውቅም፣ ቀድሞን ደርሶ የራሱ መኪና ላይ ተደግፎ ጠበቀን።

አባትህ ጨርቁን ሲፈታ ከጎኑ ቆሜ ነበር። አንተ በመጋዝ የተውከው ጫፍ ሻካራ ነበር፤ እንዲያውም ስንጥር እጄን ወግቶኝ ያውቃል። አሁን ሳየው ለስልሷል። ጠርዙ ተድበልብሎ፣ በዘይት ታሽቶ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ያብረቀርቃል። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። መቼ እንደሠራው እግዜር ይወቅ። ሰባት ዓመት አልነካውም ብዬ የማስበው ጠመንጃ ከእኔ ተደብቆ ሲታሽ ኖሯል። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ነፋሱ ነው አልኳቸው።

የወረቀት ሰሃን ሳንቃ ላይ ለጥፈው መቶ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አቆሙት። አባትህ የአሸዋ ከረጢት መኪናችን አፍንጫ ላይ አስቀምጦ፣ ጠመንጃውን አስደግፎ፣ አንተ ከላክኸው፣ ማለቴ ካልላክኸው ሣጥን አጉርሶ አቀባበለ። የመጀመሪያው ጥይት ከሰሃኑ በታች አፈር አስነሣ። ሁለተኛው ወደ ግራ ሄደ። ሦስተኛው ሳንቃውን ጥግ ላይ ቦጨቀው። አምብሮስ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም።

«ሄድሊ፣ ጠጠሩን ገደልከው። ምን ዋጋ አለው፣ ቢቀቅሉት አይበስል!»

«ጥይቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ አባትህ ቀና ሳይል።

እውነቱን ነው። ለካስ እነዚያ የጦር ጠመንጃዎች ማነጣጠሪያቸው የተሠራው ጫፉ ላይ ከባድ እርሳስ ላለው ጥይት ነው። እኔ ደግሞ ከመደርደሪያው ላይ ሥዕሉ ያማረውን ሣጥን ስመርጥ ቀላሉን አንስቻለሁ። የዱቄት ዓይነት ለይ ብትለኝ እለያለሁ፤ የእርሳስ ክብደት ማን አስተማረኝ? አምብሮስ እንጨቱ በመቆረጡ በርሜሉ ተበላሽቷል እንጂ ጥይት ቢቀየር አይድንም ብሎ ተከራከረ። ይህ ነገር ጠመንጃው ላይ የተፈረደ አልመሰለኝም፣ አንተ ላይ እንጂ። እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ጨብጬ ቆምኩ።

አባትህ በርሜሉ እስኪበርድ ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ ጠጣ። ከዚያ ከመኪናችን ወንበር ሥር ሌላ ሣጥን አወጣ፤ ከባዱን። ሦስት ጊዜ ተኮሰ፣ በየመሃሉ እየጠበቀ። ሄደን ስናይ ሦስቱም ሰሃኑ መሃል ናቸው፤ በሻይ ሲኒ አፍ ይሸፈናሉ። አምብሮስ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። አባትህ ጠመንጃውን በአንድ እጁ አንሥቶ እንደ ሕፃን መዘነው፤ ከዚያ ለአምብሮስ ይሁን ለእኔ ሳይለይ ተናገረ።

«ቀሏል እኮ። ድሮ እንደነበረው ቢሆን ይህ ትከሻዬ ኮረብታው ላይ አያወጣውም ነበር። ልጁ ልክ ነበር።»

ልጄ፣ ይህን ቃል በራሱ አፍ፣ በእኔ ጆሮ ሰምቼዋለሁ። ምስክር ካስፈለገህ አምብሮስ አለ።

በመኪና ስንመለስ፣ ድልድዩን ካለፍን በኋላ፣ ለልጁ ስትጽፊ ሌላ ጊዜ ከባዱን ይላክ በይው አለኝ። እሺ አልኩ። «ከባዱ ድሩሲላ ጋ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ልገዛ ስሄድ፣ ሚስትህ የወሰደችው አልስማማ አለህ እንዴ አለችኝ» አለ። ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ። መስኮቱን ብቻ አየሁ። እሱ መንገዱን እያየ፣ ሳቁን እያፈነ ትከሻው ይነቃነቃል። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ ነው።

አንዱ ውሸት ከወጣ ሁለተኛውን ምን ብዬ ላቆየው? መኪናውን አቁም አልኩት። አቆመ። ነገርኩት።

አንተ የምታውቀውን ነው የነገርኩት። እንጨቱን አላቃጠልከውም። ጭረቶቹን አጽድተህ፣ ቫርኒሽ ቀብተህ፣ ግድግዳ ላይ ልትሰቅልለት ምድጃው አጠገብ እንዲደርቅ አስቀምጠኸው ነበር። እኔ ለልደቱ ኬክ ስጋግር እሳቱ ደከመብኝ፤ እጄ ዱቄት ነው፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ ከማገዶው ጎን ያገኘሁትን ጨመርኩ። አባትህ ገብቶ፣ እንጨቱ የት አለ ሲል አንተ እኔን አየኸኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «አቃጠልኩት» አልክ። በእኔ ቦታ ሆነህ ከቤት ወጣህ፤ እኔ በአንተ ቦታ ሆኜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ አፍ የሚከፈትበት ቀን ጠፋኝ። በየሳምንቱ ስንደዋወል አንድ ቀን እንኳ አላነሣህብኝም። እሱ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ። ይቅር በለኝ ልጄ። ይህን ቃል ሰባት ዓመት ዘግይቼ ነው የምልህ።

 አባትህ ሞተሩን አጠፋ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም።

«ለምን ዝም አለ?» አለኝ።

«ለእኔ ብሎ።»

«ሰባት ዓመት?»

አዎ አልኩት። በሁለት እጁ መሪውን ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት። ቤት ስንደርስ ዞሮ መጥቶ በሩን ከፈተልኝና ስለ ጉልበቴ ብሎ ደግፎ አወረደኝ። እኔን የተቀየመኝ እንደሆነ እንጃ። ይገባኛል። ትናንት ሻይ ያፈላልኝ እሱ ነው።

ያደረግሁትን ሁሉ እነግርህና እዚህ ላይ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የአደን ኮቱን ቁልፍ ልተክል ስወስድ የውስጥ ኪሱ ውስጥ የዘንድሮውን የአደን ፈቃድ አገኘሁ። እንደምታውቀው እዚህ አንድ አጋዘን ለሁለት ሰው ነው የሚፈቀደው፤ ማመልከቻውም ሲሞላ የሁለቱ ስም አብሮ ነው የሚገባው። እስከ ዛሬ የአምብሮስ ስም ነበር የሚገባው። ፈቃዱ ላይ ያለውን ቀን አየሁት። ማመልከቻው የገባው በሚያዝያ ነው። እኔ ጥይቱን የገዛሁት በነሐሴ፣ እውነቱን የነገርኩት ባለፈው ቅዳሜ። በሚያዝያ እኮ አባትህ እስከዚያች ቀን ያቃጠልከው አንተ ነህ ብሎ ያምን ነበር።

ቁልፉን ተክዬ ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለስኩት። እንዳየሁት አልነገርኩትም፤ በራሱ ጊዜ ይንገርህ። ፈቃዱ ላይ ሁለት ስም አለ። አንዱ የባሌ ነው። ሁለተኛውን ስም፣ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን፣ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር ከሳሉም ከብርዱም ይሰውርህ፣ ደግ ሰው ጎረቤትህ ያድርግልህ፣ መንገድ ብትጀምር መንገዱን ያቅናልህ። ማርማላታውን በፖስታ አልልከውም፣ ይሰበራል።

የምትወድህ፣ ይቅርታህን የምትጠብቅ
እናትህ