የስታመን ግድግዳ

ሩሴ፣ የጊዮርጊስ በዓል ባለፈ በሳምንቱ

ለእህት ዓለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ቦሎኛ የምታስታምሚያት አሮጊትሽስ በየደቂቃው መጣራቷን ተወች? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ሌላው ሌላው ግን እንዳይሆን ሆኗል። ለፋሲካ የላክሽልኝ ሹራብ በልኬ ነው፤ እጅጌው ብቻ ትንሽ ይረዝማል። እግዜር ይስጥልኝ።

ባለፈው እሑድ ደውለሽ፣ አንተ ደግሞ ወንድ ነህ! የሰው ቤት ሁሉ ቧንቧ ስትቀጥል ትውላለህ፣ ለገዛ እናትህ አንድ መታጠቢያ ቤት መጨረስ አቃተህ ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። መልሼ ልደውልልሽ ነበር። ግን በስልክ ሲሆን አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔ እንተባተባለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እናለቅሳለን፤ መባል ያለበት ነገር ሳይባል ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። በሞቴ፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትፍረጂብኝ።

ውላችን ምን ነበር? የካቲት ላይ እናታችን የገንዳውን ጠርዝ ስትሻገር ወድቃ ዳሌዋ ሲበልዝ፣ አንቺ እዚያው ሆነሽ አረጋውያን መጦሪያው ስሟን አስመዘገብሽ። እኔ ለመንኩሽ። ገንዳውን ነቅዬ፣ ወለሉን ደልድዬ፣ እግሯን ሳታነሳ የምትገባበት ሻወር እሠራላታለሁ፤ በረንዳ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ልብስ ማጠቢያ ማሽንም አጠገቡ አስገባላታለሁ፤ ከእንግዲህ በዚያ ብርድ እርጥብ ልብስ ታቅፋ አትወጣም አልኩሽ። አንቺም፣ እስከ ጊዮርጊስ ካለቀ ትቅር፣ ካላለቀ ግን ቦታው ሳያመልጠን ትገባለች አልሽ። እሺ አልኩ። እሷም መጦሪያ ከመግባት ሞቴን ያድርገው ብላ ነበር፤ ታስታውሺያለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ አንድ መታጠቢያ ቤት ሁለት ወር ይበላኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ጉዱ የፈላው ገንዳውን የነቀልኩ ዕለት ነው። ሕንፃው ሲሠራ የገባው ወፍራሙ የብረት ቧንቧ፣ የገንዳውም የሽንት ቤቱም ቆሻሻ ውሃ የሚወርድበት፣ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ስንጥቁን በጣቴ ተከተልኩት፤ ወለሉ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ጣሳ ውሃ ባፈስበት ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤታችን ዝላትካ ቤት ኮርኒሱ ያንጠባጥባል። ከላይ ሆኜ አልደርስበትም፤ ኮንክሪት ውስጥ ነው። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከታች ገብቶ፣ የዝላትካን መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ከፍቶ፣ አሮጌውን ቆርጦ በፕላስቲክ መተካት። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለእንዲህ ያለው ቀን ተብሎም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ቧንቧው የሚነካበት ትንሽ መክፈቻ ይተዋል።

ዝላትካ ቤት መክፈቻ የለም። ለምን እንደሌለ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አምና መጸው ላይ ያን መታጠቢያ ቤት ሲያሳድሱ ቧንቧውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሴራሚኩን ግን ባሏ ስታመን እኔ ራሴ ነኝ የምለጥፈው አለ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ አጥቶ ነበር። መክፈቻ ተውለት አልኩት። ሂድ ወዲያ፣ የሙሽራ ፊት ላይ ቀዳዳ አብጅ ትለኛለህ? ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ስቄ ተውኩት። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ቧንቧ የሚባል ነገር ዓይኑ እንዲያይ አይፈልግም፣ ከደፈነው የሌለ ይመስለዋል። ግን ባለሙያው እኔ ነበርኩ፤ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ስታመን የመጨረሻውን መደዳ ለጥፎ በሁለተኛው ቀን ልቡ ቀጥ አለች። ፎቶው ያለበት የኀዘን ወረቀት እስካሁን ዋናው በር ላይ ተለጥፏል፤ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያየኛል። ወዳጄ ነበር።

ሄጄ አንኳኳሁ። ዝላትካ እንደ ወትሮዋ፣ ባለሙያው፣ ግባ እንጂ፣ ምን በሩ ላይ ተተከልክ አለችኝ። ችግሩን ነገርኳት። መታጠቢያ ቤት ይዛኝ ገባች። ከላይ ሦስተኛው መደዳ ላይ፣ በሁለት ሴራሚክ መሐል፣ ነጩ ሲሚንቶ ላይ የስታመን አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ሳይደርቅ ነክቶት ነው። ቧንቧው የሚወርደው ልክ ከዚያ ጀርባ ነው። ልብሱን ለእህቱ ልጆች ሰጠሁ፣ መኪናውን ሸጥኩ፣ የቀረኝ ይሄ ነው፤ ይችን እንኳ ተዉልኝ አለችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው እኔው አፍሬ፣ ጨው እንድትሰጪኝ ነው የመጣሁት ብዬ ጨው ይዤ ወጣሁ። የሕንፃችን ኃላፊ ጋንቾ፣ ያ ጡረተኛው ሻምበል፣ ወሬው ደርሶት መጣ። የጋራ ቧንቧ ነው፣ ሕግ አለ፣ እኔ በሩን አስከፍታለሁ፣ አንተ መዶሻህን ያዝ አለኝ። ተወኝ ጋንቾ፣ የምን ሕግ ነው አልኩት። ምን ነክቶሃል አንተ ሰው? እናትህ በሳፋ እየታጠበች! አለኝ። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን ኖሮ መዶሻህን ይዘህ ትገባ ነበር ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ እገባ ነበር።

እንዲሁ ስንል አርባ ቀን ሞላ። እናታችን ሌሊት በባልዲ፣ ቀን ቀን ደግሞ ወደ ዝላትካ ሽንት ቤት ደረጃ መውረድ፣ ደረጃ መውጣት። በዚያ ዳሌዋ! ቅዳሜ ቅዳሜ ዝላትካ ክንዷን ይዛ ታወርዳትና ፀጉሯን ታጥብላታለች፣ ጀርባዋን ታሽላታለች፤ ልብሷንም በራሷ ማሽን አጥባ፣ ተኩሳ ትልክልናለች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ከላይ ውሃ ያጣው ቤታችን፣ ከታች ያ ግድግዳ፤ እኔ መሐል ላይ መፍቻ ይዤ። በዕድሜዬ እንዲህ እጄ አጥሮ አያውቅም። አንቺ ደግሞ እዚያ የሰው እናት ታጥቢያለሽ። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም እህቴ፤ እንዲያው ሆዴን ሲበላው ነው።

የጊዮርጊስ ዋዜማ ከሥራ ስገባ እናታችን ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ የሌሊት ልብሷን ስታጣጥፍ አገኘኋት። ምን እየሠራሽ ነው? አልኳት። መጦሪያው ደውዬ ነገ እመጣለሁ ብያለሁ፣ መኪናህን ጥረግ አለችኝ። ጮኽኩባት፣ ለመንኳት፣ አንድ ሳምንት ስጪኝ ብዬ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ እኔ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ ልጄ፣ ከዚህ ብወጣ እዚያ እገባለሁ፤ ያ ምስኪን ከዚያ ግድግዳ ቢወጣ የት ይገባል? አለችኝ። በማግስቱ ሰው ሁሉ በግ ሲጠብስ፣ እኔ እናቴን ከቧንቧና ከመፍቻ መሐል በሥራ መኪናዬ አስቀምጬ ወሰድኳት። እንዴት አድርጌ እንደነዳሁ እግዜር ይወቀው።

እሑድ አንቺ የዘጋሽብኝ ጊዜ ከመጦሪያው ጠይቄያት ስመለስ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ደረጃውን ስወጣ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። የዝላትካ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋንቾ ነው ብዬ ደሜ ፈልቶ ዘልዬ ገባሁ። እሷ ናት! ወንበር ላይ ቆማ፣ ፀጉሯ አቧራ ለብሶ፣ ግድግዳውን ትነርተዋለች። እናትህ በእኔ ምክንያት ከቤቷ ስትወጣ ለምን አልነገርከኝም፣ ከጋንቾ አፍ ልስማው? ዘመድ ጋ ለበዓል ሄደች ትለኛለህ? አንተ ድንጋይ! ብላ ወረደችብኝ። አውራ ጣቱ ያለባትን ቦታ በሙሉዋ ልታወጣት ሞክራ ሦስት ቦታ ተሰብራባታለች፤ ስብርባሪዋን ሳህን ላይ አኑራታለች። መዶሻውን ከእጇ ወሰድኩት። ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም እጄን የማደርግበት ቢጠፋኝ ቧንቧውን መቁረጥ ጀመርኩ።

በሦስት ቀን ሁሉንም ጨረስኩ። ወለሉ አንድ ወጥ ነው፣ እግር የሚመታ ነገር የለበትም። መያዣ ብረቱን በእናታችን ትከሻ ልክ አሰርኩት። ማሽኑን አስገብቼ የራሴን የሥራ ልብስ አጠብኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ሙቅ ውሃው ይወርዳል፣ ቆሻሻው ይሄዳል፣ ታች አንዲት ጠብታ የለም። ባለፉት ዓመታት ከሠራሁት ሁሉ ይሄ ይበልጣል፤ ጉራ እንዳይመስልሽ።

ወደ እናታችን በረርኩ። ቤትሽ አልቋል፣ ካፖርትሽን ልበሺ አልኳት። ከአልጋዋ ንቅንቅ አላለችም። ግድግዳውን የሰበረው ማነው፣ አንተ ነህ እሷ? አለችኝ። እሷ ናት አልኳት። ፊቴን አተኩራ አየችኝ። እንግዲያው እኔ እዚሁ ነኝ፤ ያ ቤት ለሦስት ሰው ይጠባል አለች። የምን ሦስት? አንቺና እኔ ሁለት ነን አይደል እንዴ? አልኳት። ከእንግዲህ ዝላትካ ጋ ጨው ልለምን ብለህ አትሂድ አለችኝ። እንደ ሕፃን ጉንጬን ዳበስ አደረገችኝና፣ አሁን ሂድ፣ የእኔ የመታጠቢያ ተራ ደርሷል አለችኝ። እዚያ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚታጠቡት፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ በስም እየተጠሩ።

ግቢው ውስጥ ደርሼ ዞር ስል መስኮቱ ላይ ቆማለች። በመሐረቧ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። እንዳየኋት ስታውቅ መስታወቱን መወልወል ጀመረች።

እህት ዓለሜ፣ እባክሽ ፈቃድ ጠይቂና ነይ። እኔን አትሰማኝም፤ አንቺን ግን ትፈራሻለች። ቤቱ ለሁለት ሰው ነው የተሠራው፣ ሦስተኛ የለም ብለሽ ንገሪያት። እኔ ልላት ብዬ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

መንገድሽን ሁሉ እመቤታችን ታቅናልሽ፤ ጉልበትሽን ከብርድ ጠብቂ፤ ያቺንም አሮጊት በደህና ታቆይልሽ።

ወንድምሽ