ግትሩ ትከሻዬ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከቀኝ ትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ። አክስትሽ «እናትሽ ሽባ ሆነች» ብላ የጻፈችልሽ ስህተት ነውና በቀይ አርሚው። ሽባ አልሆንኩም፤ ትከሻዬ ተይዞ ክንዴ ከደረቴ በላይ አልነሳ አለ እንጂ።

ሐኪሙ «እማማ፣ ትከሻዎ ግትር ሆኗል» ቢለኝ፣ «ባለቤቱን መስሎ ነዋ!» አልኩት። ሳቀና ስቴሮይድ የሚባለውን መርፌ መገጣጠሚያዬ ውስጥ ወጋኝ። «መርፌው ሕመሙን ያስታግሳል፤ ክንዱን የሚያነሱት ግን እርስዎ ነዎት» አለኝ። እውነትም በሳምንቱ ሕመሙ ጋብ አለ። ስለዚህ ቤቴን ዘግቼ አንቺ ዘንድ የምጦርበት ምክንያት የለም።

የቀሚሴን ዚፕ ከኋላ የምትዘጋልኝ ጎረቤቴ በወሩ መጨረሻ ቤት ትለቃለች። ይቅናት። ቤቱን ማን እንደሚከራየው ገና አልታወቀም፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ በደህና ያገናኘን። ነገ በመጀመሪያ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ሽቅብ አራምጄ ዛሬ በእርሳስ ያሰመርኩትን አልፋለሁ። ቀጥዬ የቀሚሴን ዚፕ ራሴ እዘጋለሁ። እምቢ ካለኝ ዚፑን ተርትሬ ከፊት እሰፋዋለሁ።

እናትሽ